የዘቢደር ድርሻ

«ይካፈል፤» አለኝ ደርቤ። «የወሰደችውን የምትበላበት ዕድሜ ካገኘች ትብላው።»

ይህን ያለኝ እሑድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመን ሳለ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ፊቱም አልጠቆረም። ጋቢውን እያስተካከለ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነገረኝና መንገዱን ቀጠለ። እኔ ገዱ በሽምግልና ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዛቻ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። በእኛ አገር ወንዱ ሁሉ ሁለት ጣሳ ጠላ ከቀመሰ የማይገድለው ሰው የለም። የሚፎክረውን አልፈራውም፤ ፉከራውን ሲጨርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ደርቤ ግን አልፎከረም፤ ደግሞም አልጠጣም ነበር። ቤቴ ገብቼ የቀረበልኝን ምሳ ሳልነካ ተነሣሁ። ባለቤቴ ጤናዬ ምን ነካህ ብትለኝ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ዋሸኋት።

የሚካፈለው የእሱና የዘቢደር ንብረት ነበር። ፍርድ ቤት አፋቷቸዋል፤ ዕቃውንና ከብቱን ግን በሽማግሌ ተካፈሉ ብሎ ወደ እኛ መልሷቸዋል። ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከዳባት በላይ ባለችው መንደራችን ነው። ዘቢደር አበልጃችን ናት፤ ልጇን ዓለምዬን ክርስትና ያነሳቻት የእኔዋ ጤናዬ ናት። ስለዚህ የዚህችን ሴት ሕይወት ከሩቅ የሰማሁት አይደለም፤ ደጄ ላይ ሲያልፍ ያየሁት ነው።

ዘቢደር የበየዳ ልጅ ናት። በደርግ ማብቂያ ገደማ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ደርቤ በበቅሎ ጭኖ አመጣት። የሙሽራ ወጉ እንኳ ሳያልቅ እንዝርቷን ይዛ ደጅ ወጣች። በየዳ ብርድ ነው፤ ሴቱ ሁሉ የበግ ጠጉር ሲፈትል ይውላል፤ እሷም ውሃ ስትወርድ ትፈትላለች፣ ለቅሶ ስትሄድ ትፈትላለች። እኛ በውርጭ ስንንቀጠቀጥ፣ «ይህም ብርድ ተብሎ?» እያለች ትስቅብናለች። አፏ አያርፍም። እኔን እንኳ፣ የእሷን አባት የምሆነውን ሰው፣ «አበልጄ፣ ጾሙ ገብቶ ሆድዎ አልቀነሰም» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው ያ ሰው ቀስ በቀስ ዝም ያሰኛት።

በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት የደርግ ወታደር ሲበተን፣ በጎንደር መንገድ ላይ ጫማ የሌለው፣ ፊቱ የከሳ ሰው ሁሉ ይርመሰመስ ነበር። አንዱ ወታደር በመንደራችን ሲያልፍ ክላሹን በእህል እለውጣለሁ አለ። ደርቤ ቤት ያለው እህል ደግሞ ዘቢደር በእጇ ጎልጉላ፣ አርማ፣ ወቅታ ያስገባችው ባቄላ ብቻ ነበር። በዚያ ባቄላ ጥገት ላም ልትገዛ አስባ ነበር። ደርቤ ሳይጠይቃት ለወታደሩ ሰፈረለት። ከወንዝ ስትመለስ ጎተራው ባዶ ነው፤ ክላሹ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ ልጅ ናት፤ ለጤናዬ እየሳቀች ነበር የነገረቻት። «ላሜ ይኸውና፤ የማትታለብ» ብላ ቀለደችበት።

ከዚያ በኋላ ደርቤ ያለዚያ ክላሽ ወጥቶ አያውቅም። ለሠርግ ይይዘዋል፣ ለገበያ ይይዘዋል፣ ለማኅበር ይይዘዋል። ውሸት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ለሚስቱ ፀጉር ያልተገኘ ቅባት ለዚያ ብረት ጠፍቶ አያውቅም። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ እንደ እሱ የሚያርስ በአካባቢያችን የለም። እጁ ግን ክፉ ነው። ደብድቧት እኛ ቤት ስትገባ ሽማግሌ ሆነን እናስታርቃለን፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ በግ ይክሳል፣ ከርሞ ደግሞ ያው ነው። በመጨረሻ ለዓለምዬ የትምህርት ቤት ልብስ ልትገዛ አንዲት በግ ሳትነግረው ሸጠች። ያን ቀን አልመታትም። ክላሹን ከምሰሶው አውርዶ አፈ ሙዙን ደረቷ ላይ ገተረው፤ ልጅቷ እያየች። ብዙ ቆየና መልሶ ሰቀለው። በማግስቱ ዘቢደር ልጇን እኛ ዘንድ ትታ በእግሯ ደባርቅ ሄዳ ከሰሰችው። ፍርድ ቤት ሲጠይቀው ደርቤ አልካደም፣ አልተከራከረም። ፍቺው ተፈጸመ። መሬቱን የቀበሌ ሰዎች መጥተው በገመድ እኩል ለኩላቸው፤ እሷ እኛ ቤት እንደ ተጠጋች፣ ዕቃውንና ከብቱን ማካፈሉ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ መሪጌታ አገኘሁ፣ እና ካሚል። ካሚል የዳባት እስላም ነው፤ የከብትና የእህል ነጋዴ፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰው ነው። ደርቤ በአጥር ሥር ያለኝን ለሁለቱ ነገርኳቸው። መሪጌታ፣ የተፈታ ሰው ሆዱ ስለሚቃጠል የማይለው ነገር የለም፣ ያልፍለታል አሉ። መሪጌታ ሰውን ሁሉ እንደ ራሳቸው የዋህ ይመስላቸዋል፤ እግዜር ይይላቸው። ካሚል ግን ነገሩ አላማረውም። መሣሪያው ለጊዜው ከሰውዬው እጅ ይውጣ ስላለ ወደ ሚሊሻው አለቃ ሄድን። አለቃው የደርቤ የአክስት ልጅ ነው። ፈቃድ ያለው መሣሪያ በወሬ አይነጠቅም፣ የጋራ ንብረት ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ተካፈሉት አለን። ሲናገር ፈገግ ማለቱ ደሜን አፈላው።

በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲካፈሉ አንዱ ይመድባል፣ አንዱ ያነሳል። መዳቢው ንብረቱን ሁለት ቦታ ይከፍላል፤ አንሺው የወደደውን ቀድሞ ይወስዳል፤ የተረፈው የመዳቢው ነው። አንዴ ከተነሳ መመለስ የለም። መዳቢው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሰይጣንም ቢሆን እኩል አድርጎ ይከፍላል። በዘቢደር ጉዳይ ደርቤ ይመድብ፣ እሷ ታንሳ ብለን ወሰንን። ለሴቲቱ የሚበጃት ይህ ነው ብለን ነበር።

ቀኑ ግንቦት ገባ ብሎ ነው። ከደርቤ ቤት ፊት ካለው አውድማ ላይ ተሰበሰብን፤ የመንደሩ ሰው የቻለው በካቡ ላይ ተቀምጧል፣ ያልቻለው ቆሟል። ዘቢደር ከጤናዬ ጋር መጥታ ከአንድ ጎን ተቀመጠች። እንዝርቷን አልያዘችም።

ደርቤ መመደብ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለቱን በሬዎች ነድቶ አውጥቶ ወደ ቀኝ አቆማቸው። አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ያደርጋል ብለን ስንጠብቅ ሁለቱንም አንድ ላይ። ከዚያ ላሚቱን ከነጥጃዋ፣ ወደ ቀኝ። በጎቹን፣ ወደ ቀኝ። ከቤቱ ግድግዳ ጭቃ ፈርፍሮ አመጣና እሱንም ወደ ቀኝ አስቀመጠ፤ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ከነጓዳው መሆኑ ነው። ከጎተራው ገብስ በእፍኙ ዘግኖ ደገመበት። በግራ በኩል ያደረገው አንዲት ያረጀች አህያ፣ አንድ ቁርበትና አንድ ዶማ ብቻ ነው። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ። በመጨረሻ ቤት ገብቶ ክላሹን ከነጥይት ካዝናዎቹ ይዞ ወጣና ቁርበቱ ላይ በቀስታ አስተኛው። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ታንሳ አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሴቶቹ እንኳ ከንፈራቸውን መጠጡለት። ለልጁ ብሎ ነው፣ ደግ አባት ነው ተባለ። መሪጌታማ ተነሥተው መረቁት፤ አንጀቱ ራርቶ ሀብቱን ሁሉ ለቀቀላት ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ። እሱ ምርቃቱን ቆቡን ሳያወልቅ ተቀበለ።

እኔ ግን አላመንኩም። ሰዎች፣ እናንተም ገበሬ ናችሁ፤ እስቲ አስቡት። ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ገበሬ የሆነ ሰው ጥማድ በሬውን ሰጥቶ በሰኔ ምን ሊያርስ ነው? ጎተራውን ሰጥቶ በሐምሌ ምን ሊበላ ነው? ቤቱን ሰጥቶ የት ሊተኛ ነው? ያ ሰው ክረምቱን እዚህ ሊያሳልፍ አላሰበም። ገድሎ በረሃ ሊወርድ ነው ያሰበው፤ በረሃ ለሚወርድ ሰው ደግሞ በሬም፣ ላምም፣ ቆርቆሮም ጣጣ ነው። የሚጠቅመው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም ሴት አታነሳውም ብሎ ቁርበት ላይ አስተኝቶታል። በአገራችን ሴት መሣሪያ ስትነካ ታይቶ አይታወቅም፤ ተሸክማ ስትሄድማ ጉድ ነው።

ሽማግሌ አንሺውን ቢመክር መካፈሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ምላሴ ታስሮ ዘቢደርን ብቻ አያታለሁ። ተነሥታ ወደ ቀኝ ሄደች። ቡሬ የሚባለውን በሬ ከጥጃነቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አንገቱን ዳሰሰችው፣ እሱም ላሳት። ያዘች ተባለ። መሪጌታ እጃቸውን ለቡራኬ አነሱ። ዘቢደር ግን ከበሬው ተለይታ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ግራ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ፣ ከእሳት ላይ ድስት እንደምታወርድ ሁሉ በሁለት እጇ ክላሹን አነሳችው።

መሪጌታ አስተውለሻል ወይ ልጄ ብለው ጠየቋት።

«አስተውያለሁ አባቴ፤» አለች። «በሬውም ቤቱም ይሁንለት፤ ይረስበት፣ ይብላበት። እኔ የምፈልገው ይሄ ነገር እሱ ቤት እንዳያድር ነው።»

ከካቡ ላይ ውዱ የሚባል ቀልደኛ፣ ሱሪህንም ጨምርላት እንጂ ደርቤ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈና መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ምነው በቀረች። ደርቤ ሁለቱን በሬዎች ይዞ ቆሞ ነበር፤ ገመዱን በክንዱ ላይ ደጋግሞ ሲጠመጥመው አየሁት፤ እጁ ደም አጥቶ ነጣ።

ዘቢደር በአህያዋ ቁርበቷንና ዶማዋን፣ በትከሻዋ ክላሹን ይዛ ወደ እኛው ቤት ተመለሰች። ክላሹን ከነካዝናው ከገብስ ጎተራችን ውስጥ ቀበርነው። ምን እናድርገው ብለን መከርን። ሽጪው ብላት፣ ለማንም ብሸጠው ዞሮ የሚገዛው እሱ ነው አለች። ለሚሊሻ እናስረክብ እንዳንል የአክስቱ ልጅ አለ። በመጨረሻ ሐሳቡን ያመጣችው እሷው ናት። የሚመጣው ሰኞ ደባርቅ ገበያ የምትሄድ መስላ፣ ሊማሊሞ ወርዳ ከገደሉ ልትጥለው።

«ጭላዳ ዝንጀሮ ይፎክርበት፤» አለችኝ።

ከስንት ዘመን በኋላ ስትቀልድ ሰማኋት። በእነዚያ ቀኖች ዘቢደር ሌላ ሰው ሆነች። እንዝርቷን መልሳ አነሳች። ከእኔ ጋር ስለ ሆዴ መጨቃጨቅ ጀመረች። በጠዋት ከመደቡ ስትነሣ፣ ከተዳርኩ ጀምሮ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም ብላ ለጤናዬ ነገረቻት። ጤናዬ ይህንን ስትነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ወሬው ዳባት ደርሷል፣ አምባ ጊዮርጊስ ደርሷል። ጠላ ቤቱ ሁሉ መሣሪያውን ሚስቱ የወሰደችበት ሰው እያለ ይስቃል። ደርቤ ለቅሶ ሲደርስ አንዱ ባለጌ ክላሽህ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀው ተባለ። ከዚያ በኋላ ሰው ካለበት አልደረሰም። የግንቦቱ ዝናብ ጣል አለና አፈሩ ረጠበ፤ መንደሩ ሁሉ ጠመደ። ከማሳዬ ሆኜ የእሱን ግቢ አያለሁ። ሁለቱ በሬዎች ቀኑን ሙሉ ተኝተው ያመሰኳሉ። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጧል። እንደ እሱ የሚያርስ የለም ያልኳችሁ ሰው እርጥብ አፈር እያየ ተቀምጦ ዋለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እኔ የጨበጥኩት እርፍ ከእጄ እየወጣ ስንት ጊዜ ዞሬ እንዳየሁት አላውቅም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ካሚል በበቅሎው መጣ። ቅዳሜ ለእሱ ትልቁ የሥራ ቀን ነው፤ ገበያውን ጥሎ መምጣቱን ሳይ ክፉ ወሬ እንደያዘ ገባኝ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም። ደርቤ በጠዋት ሁለቱን በሬዎችና ላሚቱን ዳባት አውርዶ ሸጠ አለን። አልተከራከረም፤ የመጀመሪያው ገዢ የጠራለትን ተቀበለ። ካሚል ራሱ ጠጋ ብሎ በክረምት መግቢያ ጥማድ በሬ ይሸጣል ወይ ብሎት ነበር። ደርቤም የጎደለኝ ዕቃ አለ አለው። ከዚያ ወደ ደባርቅ በሚወጣ መኪና ተሳፈረ።

የጎደለው መሣሪያ እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። ጤናዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለማን አቤት ይባላል? በሬ መሸጥ ወንጀል አይደለም። ዘቢደርን ወደ ወንድሞችሽ ወደ በየዳ ሂጂ አልኳት። የበየዳ መንገድ በደባርቅ ነው፤ እሱም እዚያው ነው አለችኝ። ብደርስስ፣ ብላ ቀጠለች፣ ወንድሞቼ ያስጠጉኛል፣ እሱ ይመጣል፣ ወይ እነሱ ይሞታሉ ወይ ይገድላሉ፣ ከዚያ ደሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጎንደር ሂጂ ብላት ማንንም እንደማታውቅ እኔው አውቃለሁ። ካሚል ልጅቷን ይዤ ልሂድ፣ ባለቤቴ ረህማ እንደ ልጇ ትይዛታለች አለ። ዘቢደር ዓለምዬን ፀጉሯን አበጥራ፣ ጋቢ አልብሳ ከበቅሎው ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ አንቺስ አለቻት። እከተላለሁ አለቻት፤ አልዋሸቻትም ማለት አልችልም።

በቅሎው ከዓይናችን ሲሰወር ዘቢደር ወደ ጎተራው ሄደች። እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ገብሱን እያፈሰሰች ክላሹን አወጣችው። በቀሚሷ አቧራውን ጠረገችው፤ መደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ ካዝናዎቹን ከጎኑ ደረደረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አበልጄ፣ ጥይቱን በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?»

ብዙ ልላት አሰብኩ። ሽማግሌ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው መሣሪያውን እንዲያስቀምጥ ስማጸን የኖርኩ ነኝ። ስለ ነፍስ ልነግራት ነበር፣ ስለ ልጇ ልነግራት ነበር። ደረቷ ላይ የተገተረውን አፈ ሙዝ አሰብኩና ተውኩት። ከጎኗ ተቀምጬ አሳየኋት። ካዝናው እንዴት እንደሚገባ፣ ምላጩ የትኛው እንደሆነ፣ መጠበቂያው በየት እንደሚወርድ። እጇ እንዝርት የለመደ ነው፤ ቶሎ ያዘችው። ጤናዬ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ እዚያ ሆና ስታለቅስ እንሰማታለን። ዘቢደር ያሳየኋትን ብቻዋን ደገመችው፤ ምንም አልሳተችም።

ከዚያ ክላሹን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ትክ ብላ እያየች ተቀመጠች። ከታች የዳባት መንገድ ይታያል። ሰው ሁሉ ከገበያ እየተመለሰ ነው።

«አበልጄ፤» አለችኝ ሳትዞር፣ «ሲመጣ እንደ ልማድዎ በመካከላችን እንዳይቆሙ።»

እሺ አልኳት።